ስልኬ ውስጥ ያለው ብር ማን እጅ ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሞባይል ክፍያ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። የመጡትን ሳነብ "እንዴት ነው የሚላከው" ያለ ሰው ብዙም የለም፣ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት "ለምን እንዲህ ሆነ፣ ማን ወሰነው" ብላችሁ ነው። ዓመታት የሰራሁበት ነገር ስለሆነ አራቱን መርጬ እስከቻልኩት ድረስ መልሻለሁ፣ የቀሩትን በግል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፣ ከጅማ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሁፌ በሞባይል ክፍያ ላይ ነው። ግራ የገባኝ ነገር አለ። ኤምፔሳ የሚባለው የሞባይል ክፍያ ኬንያ ሲጀመር ስማርትፎን ምናምን የለም፣ ያቺ ባለ ባትሪዋ ኖኪያ ነበረች። እኛ ጋርም ነበረች። ቴክኖሎጂው አንድ ከሆነ እነሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ጀምረው እኛ ቴሌብር እስኪመጣ 14 ዓመት ለምን ጠበቅን? አማካሪዬ "ባለድርሻ አካላት" የሚለውን ምዕራፍ አስፋው ይለኛል፣ ለኔ ግን ቃሉ ስብሰባ ላይ የሚባል ነገር ነው የሚመስለኝ። ማን ምን እንዳረገ በግልጽ ብትነግሩኝ።

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ኖኪያዋ እኛም ጋር ነበረች ያልከው ልክ ነው፣ የያዛት ሰው ግን ጥቂት ነበር፣ ከሱ የሚብሰው ደግሞ ሜሴጅ ነው። አንተ ያኔ ልጅ ትሆናለህ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሞባይል ቴክስት መላክ ተዘግቶ ነበር፣ የተከፈተው ሚሊኒየሙን ልንቀበል ስንል ነው። ኤምፔሳ በይፋ የጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 2007 ነው፣ በኛ 1999 ዓ.ም. ማለት ነው። እና ናይሮቢ ያለ የቀን ሰራተኛ ለእናቱ ብር ልኮ "ደርሷል" የሚል ሜሴጅ ሲመጣለት፣ አዲስ አበባ ያለው ልጅ "በሰላም ገባሁ" ብሎ እንኳን መጻፍ አይችልም ነበር። ይሄ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ስለዚ ጽሁፍህን ቴክኖሎጂው አንድ ነበር ከሚለው አትጀምረው፣ እንዲሰራ የፈቀደው ማን ነው፣ የከለከለውስ ማን ነው ከሚለው ጀምረው።

አሁን ኬንያን እንይ። ኤምፔሳ ሲታሰብ ብር መላኪያ አልነበረም። ሀሳቡን ያመጡት የእንግሊዙ ቮዳፎን ሰዎች ናቸው፣ የእንግሊዝ መንግስት የልማት እርዳታ መስሪያ ቤት ለሙከራው ከወጪው ግማሽ ያህሉን ቻለ፣ አላማው ከማይክሮፋይናንስ የተበደሩ ሰዎች እዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ቲካ የምትባል ከናይሮቢ ብዙ የማትርቅ ከተማ ላይ ፋውሉ ከሚባል አበዳሪ ጋር ሞከሩት። ሰዉ ታድያ በታሰበለት መንገድ አልሄደም፣ አንዱ የሌላውን እዳ ይከፍላል፣ ሌላው መንገድ ሊሄድ ሲል ዘራፊ ፈርቶ ብሩን ስልኩ ላይ ያስገባና ሲደርስ ያወጣል፣ ሌላው ገጠር ላለ ዘመዱ ይልካል። አበዳሪው በበኩሉ አሰራሩ በቡድን ከሚያበድርበት ሂሳብ ጋር አልሄድ አለው። የኬንያው የስልክ ኩባንያ የሳፋሪኮም ሰዎች ይሄን አይተው ብድሩን ተዉትና "ብር ወደ ቤት ላክ" ብለው ወጡ። የመጀመሪያው ባለድርሻ እንግዲህ ተጠቃሚው ራሱ ነው፣ ስብሰባ ላይ ሳይጠራ የአገልግሎቱን አላማ የቀየረው እሱ ነው። ዓመት ሳይሞላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ከምርጫው በኋላ ረብሻ ተነስቶ ሱቅና ባንክ ሲዘጋ ደግሞ ሰዉ ከቤት መውጣት ላልቻለ ዘመዱ ብርና ካርድ በስልክ ሲልክ ሰነበተ፣ እምነቱ እዛ ላይ ነው የጠነከረው።

ሁለተኛው ማዕከላዊ ባንኩ ነው። ኬንያ ያኔ የሞባይል ገንዘብን የሚመለከት ህግ አልነበራትም። ህግ ከሌለ ሁለት ነገር ማረግ ይቻላል፣ ህጉ እስኪወጣ ቁም ማለት፣ ወይ እያየሁህ ጀምር ማለት። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሁለተኛውን መረጠ፣ ተቃውሞ የለኝም የሚል ደብዳቤ ጻፈ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። ቅድመ ሁኔታዎቹን በደንብ ልብ በላቸው። የህዝቡ ብር በሙሉ ባንክ ውስጥ በአደራ ሂሳብ ይቀመጣል፣ ሳፋሪኮም አያበድረውም፣ ለራሱ ስራ አያውለውም፣ ወለዱም ለበጎ አድራጎት ነው የሚሄደው። ስልክህ ላይ 500 ሽልንግ ካለህ የሆነ ባንክ ውስጥ እውነተኛ 500 ሽልንግ ተቀምጧል ማለት ነው። ዛሬ ሌሎች አገሮችም የሚከተሉት ይሄን መንገድ ነው፣ የኛንም ጨምሮ።

ባንኮቹስ? መጀመሪያ ንቀውት ነበር፣ ካደገ በኋላ ነው የደነገጡት። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ አቤት አሉ፣ ተጠባባቂው የፋይናንስ ሚኒስትር ጆን ሚቹኪ ይመርመርልኝ ብለው አዘዙ፣ ምርመራው በ2009 መጀመሪያ ላይ ችግር የለበትም ብሎ ወጣ። እንደዛ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ኤምፔሳ የምናወራ አይመስለኝም። የሚገርመው ባንኮቹ በኋላ ራሳቸው ገቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤምሽዋሪ የሚባለው በስልክ ቁጠባና ብድር የተጀመረው ከባንክ ጋር ነው።

ግን ኬንያን ብቻ አርአያ አርገህ እንዳትጽፍ። ቀድሞ የገባው ህጉንም ለራሱ እንዲመች ያረጋል። የሳፋሪኮም ወኪሎች የሌላ ድርጅት ስራ እንዳይሰሩ የሚያስረው ውል እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ቆየ፣ የተነሳው የውድድር ባለስልጣኑ ገብቶበት ነው፣ ከአንዱ ኔትወርክ ወደሌላው ዋሌት (የስልክ ገንዘብ ሂሳብ) በቀጥታ መላክም የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አስራ አንድ ዓመት ማለት እኮ ነው።

ናይጄሪያን ከጎኑ አስቀምጠው። እዛ ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ደንብ ስራውን ለባንኮችና ለሌሎች ፈቃድ ለሚሰጣቸው ድርጅቶች ሰጥቶ የቴሌኮም ኩባንያዎች እንዳይመሩት ከለከለ። የስልክ ኩባንያው ኤምቲኤን በዛ ሁሉ ደንበኛ የራሱን ክፍያ ለመጀመር የመጨረሻ ፈቃዱን ያገኘው በ2022 ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ቮዳኮም ከኔድባንክ ጋር በ2010 ያንኑ ኤምፔሳ ጀመረ፣ ኩባንያውም ባንኩም ፈቃዱም ነበር፣ በ2016 ተዘጋ። ብዙ ሰው የባንክ ካርድ ነበረው፣ ብር የሚያስገባበትና የሚያወጣበት ሱቅ ደግሞ በበቂ አልነበረም፣ ተጠቃሚው አልፈልግም አለ በቃ። ከላይ ያሉት ሁሉ ተስማምተው ከታች ያለው ካልፈለገው ይሞታል፣ ይሄን አንዱ ምዕራፍህ አርገው።

ወደኛ ስንመጣ ብሔራዊ ባንክ በ2005 ዓ.ም. መመሪያ አወጣ፣ የሞባይልና የወኪል ባንክ ስራ የሚሰሩት ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች ብቻ ናቸው አለ። ምክንያት አልነበረውም አልልም፣ የህዝብን ገንዘብ የሚይዝ ሰው ልቆጣጠረው የምችለው ይሁን ማለት ከአንድ ብሔራዊ ባንክ የሚጠበቅ ነው። ግን ውጤቱን እየው፣ ብሩን መያዝ የተፈቀደለት ባንክ ገጠር የለም፣ ገጠር ያለው ቴሌ ደግሞ ብር መያዝ አልተፈቀደለትም። ቴሌ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ ባንኩ ያቺን በኮከብ ጀምራ በመሰላል የምታልቅ አጭር ቁጥር ለማግኘት የግድ እሱ ጋር ነው የሚሄደው። በዛም ሆኖ እነ ኤምብር፣ ሄሎካሽ፣ ሲቢኢ ብር ሰርተዋል፣ የሴፍቲኔት ክፍያ በማይክሮፋይናንሶቹ በኩል በኤምብር ሲከፈል ቀን ሙሉ ተጉዘው ወረፋ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ቀበሌያቸው ላይ ተቀብለዋል። እነዚህ ሰዎች መንገዱን ጠርገዋል፣ ዛሬ ስማቸው አለመነሳቱ ልክ አይመስለኝም።

ከዛ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ያልሆነም ድርጅት ፈቃድ ማግኘት ይችላል የሚል መመሪያ ወጣ፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ቴሌብር ተጀመረ። በዛው ግንቦት ነው ሳፋሪኮም ያለበት ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የቴሌኮም ፈቃድ ያሸነፈው፣ ፈቃዱ ግን የሞባይል ገንዘብን አይጨምርም ነበር። ጨረታው ላይ ዋጋ ያስገቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው። ለውጭ ባለሀብት ለመክፈት የክፍያ ስርዓት አዋጁ መሻሻል ነበረበት፣ ከዛ ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ፈቃዱ በግንቦት 2015 ተሰጠ፣ ኤምፔሳ እኛ ጋር በነሐሴ 2015 ጀመረ። የመንግስቱ ቴሌ ብቻውን ከሁለት ዓመት በላይ ሮጧል ማለት ነው፣ በሰኔ 2016 ከ47 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለኝ ብሏል። 14 ዓመቱ የሄደው የህዝቡን ብር ማን ይያዝ በሚለው ክርክር ነው። ምዕራፍህን ስትጽፍ ለእያንዳንዱ አካል "ይሄ ነገር ቢሳካ ምን ይቀርበታል?" ብለህ ጠይቅ፣ ከጥቅሙ በላይ የሚቀርበት ነገር ነው ማን የት እንደቆመ የሚያሳይህ።

ጥያቄ፣ ከደሴ አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለኝ። ወኪል ሁኚ ብለው ቦርድ ሰቅለውልኝ ሄዱ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን የገበያ ቀን ሰዉ ሁሉ ብር አውጪልኝ ነው የሚለኝ፣ ጠዋት ካሼ ያልቃል፣ ብሬ ሁሉ ስልክ ውስጥ ይገባና ዘይትና ስኳር የማመጣበት አጣለሁ። ካሽ የለኝም ስላቸው ደግሞ ይቀየሙኛል፣ "ታድያ ቦርዱን ለምን ሰቀልሽ" ይሉኛል። ኮሚሽኑ ትንሽ ናት። ባለቤቴ ተይው ይለኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት፣ ከላይ ለጅማው ተማሪ ያን ሁሉ የጻፍኩለት አንቺ ጋር ነውና መጥቶ የሚያርፈው። መጀመሪያ አንድ ነገር እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የገበሬው እህል ተሸጦ ልጁ ከአዲስ አበባ የላከለት ብር ተደምሮ ሁሉም በአንድ ጠዋት ወደ ካሽ ሲቀየር ያንን ካሽ ከኪስሽ እያበደርሽ ያለሽው አንቺ ነሽ። የአንቺ የሱቅ ካፒታል ነው የትልቁ ኩባንያ መስኮት የሆነው።

ይሄን የምልሽ ከሌላው ወገን ስለነበርኩ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ የገንዘብ ተቋም ውስጥ ወኪል መልማይ ነበርኩ። በቀን ስንት ሱቅ አስፈረምክ ነበር የምንባለው፣ ከፈረመው ውስጥ በወሩ ስንቱ እየሰራ ነው ብሎ የጠየቀን አለቃ አላስታውስም። እኛም ቲሸርትና ቦርድ ይዘን እንዞራለን፣ ለባለሱቁ ስለ ኮሚሽኑ እናወራለታለን፣ ስለ ፍሎት ግን፣ ማለትም ስልክሽ ላይ የሚቀመጠው ብርና መሳቢያሽ ውስጥ ያለው ካሽ እንዴት እንደሚመጣጠን፣ አምስት ደቂቃ እንኳን አናስረዳም ነበር። አንዲት እናት አሉ የማልረሳቸው፣ ያላቸውን 5,000 ብር እንዳለ ስልክ ላይ አስገባንላቸው፣ በሌላ ጊዜ በዛ ሳልፍ ሱቁ ውስጥ ከሻማና ከክብሪት በቀር ምንም አልነበረም፣ ብሩ ስልካቸው ላይ እንዳለ ነው፣ እንዴት እንደሚያወጡት ያሳያቸው ሰው የለም። ቁጭ ብዬ አወጣንላቸው፣ ቦርዱንም አወረድነው። ሪፖርት ላይ ግን አሁንም ወኪል ተብለው ይቆጠሩ ነበር።

ኬንያዎቹ እዚ ላይ ነው የተሻሉት። ደንበኛው ብር ሲያስገባ ምንም አይከፍልም፣ ወኪሉ ግን ለማስገባቱም ለማውጣቱም ኮሚሽን አለው። የናይሮቢ ወኪል ጋር ሰው ብር የሚያስገባ ስለሆነ ካሽ ይከማችበታል፣ የገጠሩ ጋር ሰው የሚያወጣ ስለሆነ ካሽ ያልቅበታል፣ ይሄን አውቀው መሀል ላይ ትልልቅ አከፋፋዮችንና ባንኮችን አስገቡ፣ የገጠሩ ወኪል ስልኩ ላይ የተጠራቀመውን ሰጥቶ ካሽ የሚቀበልበት ቦታ እንዲኖር። ቀድሞ የሞባይል ካርድ ያከፋፍሉ የነበሩት ነጋዴዎች ናቸው ይሄን ስራ የያዙት። እኛ ጋር ወኪሉን ብቻውን ነው የተውነው።

እና ልተወው ወይ ላልሽው፣ ገና አትተይው፣ አንድ ወር ልሞክረው በይና የሚከተለውን አርጊ። ያንቺ ችግር ብር ማጣት አይደለም፣ ብርሽ ስልክ ላይ ተቆልፎ መቅረቱ ነው። ስለዚ ስልክ ላይ ያለውን ወደ ካሽ ሳትቀይሪ በቀጥታ ወደ እቃ የሚቀየርበትን መንገድ ፈልጊ። ዘይትና ስኳር የምታመጪበት ጅምላ አከፋፋይ ደሴ ላይ ነው አይደል? እሱ እኮ ራሱ ለአዲስ አበባው አስመጪ በባንክ ወይ በስልክ ነው የሚከፍለው፣ ካሽ ተሸክሞ አይሄድም። ሄደሽ አናግሪው፣ የእቃውን ሂሳብ በስልክ ልላክልህ በይው። እሺ ካለ የገበያ ቀን ስልክሽ ላይ የተጠራቀመው በማግስቱ ዘይት ሆኖ ሱቅሽ ይገባል ማለት ነው። ሁለተኛ አካባቢሽ ላይ በየቀኑ ካሽ የሚከማችበት ሰው ፈልጊ፣ ወፍጮ ቤት፣ ማደያ፣ የእህል ነጋዴ፣ እነሱ ማታ ካሽ ይዘው ማደር ይፈራሉ፣ አንቺ ጠዋት ካሽ ትፈልጊያለሽ፣ ተስማሙ። ይሄን ኩባንያዎቹ ናቸው ማመቻቸት የነበረባቸው፣ ግን እስኪያደርጉት አንቺ አትክሰሪ።

በቀን ስንት እንደምትከፍዪም ወስኚ፣ ለምሳሌ ለአንድ ሰው ከ2,000 ብር በላይ አልከፍልም ብለሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለጥፊው፣ ሲያዩት አይቀየሙም። ስክሪንሾት አይተሽ ብር እንዳትሰጪ፣ የራስሽን ሂሳብ ገብተሽ ሳታዪ። ፒንሽን ደግሞ ከኩባንያው ነው የምደውለው ላለሽ ሰውም ቢሆን እንዳትነግሪ።

ወሩ ሲያልቅ በደብተር ቁጭ በይ፣ ኮሚሽኑ ስንት ሆነ፣ በወኪልነቱ ምክንያት ሱቅሽ ገብቶ ስኳር ወይ ሳሙና ገዝቶ የወጣው ሰው ስንት ነው፣ የሁለቱ ድምር ብሩ እቃ ላይ ቢውል ከምታተርፊው ካነሰ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ቦርዱን አውርጂው፣ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ሲያልቅ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፣ ቁጥሩን ይዤ የሚመለከታቸው ሰዎች ጋር የምሄድበት ምክንያት ይሆነኛል።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ሚኒባስ አለኝ፣ ራሴ ነኝ የምነዳው። ነዳጅ በስልክ ካልሆነ አይቀዳም ከተባለ ጀምሮ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ማደያ ቆሜ ነው የምውለው። ካሽ ይዤ እየለመንኩ ነው። ይሄ ነገር ለኔ ነው የመጣው ወይስ ለነሱ?

መልስ

አባቴ፣ በቀጥታ ልመልስልዎ፣ መጀመሪያ የመጣው ለነሱ ነው። ለእርስዎም ሊጠቅም ይችል ነበር፣ ግን የተጀመረበት ምክንያት እርስዎ አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግስት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማውን ለሁሉም መስጠቱን ትቶ እንደ እርስዎ ላለ የህዝብ ትራንስፖርት ብቻ ለማረግ ሲነሳ የትኛው መኪና ስንት ሊትር እንደቀዳ ማወቅ ነበረበት፣ ለዛ ቴሌብር ተመረጠ። ከዛ በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በጠቅላላ በዲጂታል ብቻ ተባለ፣ ቀጥሎ ክልሎች። እዚ ጋር መንግስት ብዙ ባርኔጣ ነው ያደረገው፣ የቴሌ ባለቤት እሱ ነው፣ የንግድ ባንክ ባለቤት እሱ ነው፣ የነዳጅ ዋጋ የሚተምነው እሱ ነው፣ ተቆጣጣሪውም ብሔራዊ ባንክ ነው። ኬንያ ላይ እነዚህ አካላት እርስ በርስ ሲጓተቱ ነበር የተጠቃሚው ጥቅም መሀል ላይ የተገኘው፣ እኛ ጋር አንዱ ሲወስን ሌላውም ወሰነ ማለት ነው፣ ፍጥነት ሰጥቶታል፣ "ኔትወርክ ሲጠፋስ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጠፋ።

ግድ ማለት በራሱ ሁሌ መጥፎ ነው አልልም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቬምበር ላይ ባለ 500ና ባለ 1,000 ሩፒውን ኖት በአንድ ሌሊት ከገበያ ስታነሳ ሰዉ በጣም ተቸገረ፣ ወደ ስልክ ክፍያ ተገፋ። ካሹ ከተመለሰ በኋላ ግን ሰዉ ስልኩን አልተወውም፣ ምክንያቱም በዛው ዓመት የተጀመረው ዩፒአይ የሚባለው ስርዓት የትኛውንም ባንክ ከየትኛውም ባንክ ያገናኛል፣ ከፋዩም አይከፍልበትም፣ ሻይ የሚሸጠውም ወረቀት ላይ የታተመች፣ በስልክ የምትነበብ ኪውአር ኮድ ለጥፎ ይቀበላል። የተገፋው ሰው የቆየው ስለተመቸው ነው። ጋና ደግሞ በተቃራኒው፣ ሰዉ በራሱ ጊዜ ሞባይል መኒ ለምዶ እያለ መንግስት በ2022 በየዝውውሩ 1.5 በመቶ ታክስ ጣለበት፣ ሰዉ ወደ ካሽ ሸሸ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ 1 በመቶ አወረዱት፣ በ2025 ሙሉ ለሙሉ ተነሳ። ኡጋንዳም በ2018 ተመሳሳዩን አርጋ በወራት ውስጥ ነው የቀነሰችው።

ካሽ አይቀበልም ያለ አካል ሲስተሙ ሲቋረጥ የሚሰራበትን መንገድም አብሮ ማስቀመጥ ነበረበት፣ ይሄ የእርስዎ መብት እንጂ ልመና አይደለም። እስከዛ ድረስ ግን አንዱ ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ። ከቴሌብር ሌላ ማደያው የሚቀበለውን አማራጭም ያስገቡ፣ ሁለቱም ላይ ለአንድ ቀን የሚሆን ብር ይኑር፣ አንዱ እምቢ ሲል በሌላው ይቅዱ። ረዳትዎ ወይ ልጅዎ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያስጀምርልዎ።

ጥያቄ፣ ከቤሩት

ለእማዬ በየሁለት ወሩ እልክላታለሁ። ድሮ በሰው ነበር፣ አሁን በስልኳ ይገባል ብለውኝ በሱ ጀመርኩ። ስልኩን የሚይዘው ወንድሜ ነው፣ ፒኑንም እሱ ነው የሚያውቀው። እማዬ ስትደውልልኝ "ትንሽ ሰጥቶኛል" ትለኛለች። ወንድሜን መክሰስ አልፈልግም፣ ግን ምን ላርግ?

መልስ

እህቴ፣ ኩባንያው፣ ባንኩ፣ ብሔራዊ ባንክ ስንል ሁሌ የሚረሳው ባለድርሻ ቤት ውስጥ ያለው ነው። ብሩ ስልኩ ላይ ሲገባ ሲስተሙ ስራውን ጨርሷል፣ ከዛ በኋላ ያለው የቤት ጉዳይ ነው ይላሉ። ግን ሲም ካርዱ በማን ስም ነው፣ ፒኑን ማን ያውቃል የሚለው ነው ብሩ የማን እንደሆነ የሚወስነው።

ወንድምሽ ላይ ክፉ አላስብም፣ እናትሽ ፊደል ስለማያውቁ ይዤላቸው ነው ብሎ ይሆናል የጀመረው። ስለዚ ጸብ ሳይነሳ የሚሆን መንገድ ልንገርሽ። ሌላ ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክና በእናትሽ ስም የወጣ አዲስ ሲም ይገዛላቸው፣ መታወቂያቸውን ይዘው አንዲት የምታምኚያት ዘመድ ወይ ጎረቤት ሴት አብራቸው ወደ ቴሌ ሱቅ ትሂድ። ለወንድምሽ "ለእማዬ የራሷ ስልክ ይኑራት ብዬ ነው፣ እንደልቤ እንዳወራት" በይው፣ ውሸት አይደለም። ፒኑን እናትሽ ይምረጡ፣ እሳቸው የማይረሱት ነገር ይሁን፣ የልደት ዓመት ግን አይሁን፣ ወንድምሽ ይገምተዋል። አንቺም እንዳይነግሩሽ። ቁጥሮቹን በጣት ቆጥረው መጫን ከቻሉ ይበቃል፣ ስልክ ደውለው የሚያውቁ ከሆነ ይችላሉ ማለት ነው።

ከዛ ትልቁን ብር ከመላክሽ በፊት አገር ቤት ያለ ዘመድ 100 ብር ይላክላቸው፣ ራሳቸው ቅርባቸው ያለችው ባለሱቅ ጋር ሄደው ያውጡት፣ አውጥተው ሲጨርሱ "ስንት ብር እጅሽ ገባ እማዬ?" ብለሽ ደውይላቸው። ሙሉውን ከነገሩሽ የሁለት ወሩን በዛ ቁጥር ላኪው።